የዙለይኻ ወፍጮና የሻዕባን ሰልፍ

አሰበ ተፈሪ ውስጥ፣ ከገበያው በታች የነበረውን የዙለይኻን ወፍጮ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ሞተሩ ከሟች ባሏ የቀረላት ስለሆነ፣ ድምፁን ሰምታ ብቻ ጤናውን ትናገር ነበር። «ዛሬ ደረቱን ይዞታል» ትላለች። በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ግን ሳሉ ባሰበት። ናፍጣ በወረፋ በሚገኝበት ዘመን እንደ ውሃ ይጠጣል፤ ሁለት ቀን ሠርቶ አንድ ቀን ይተኛል። ከድሬዳዋ አዲስ ፒስተን አስመጥታ ብታስገባለትም አልተሻለውም።

አምባው የሚባል የድሬዳዋ ነጋዴ ይህን ሰምቶ መጣ። ሁለት ድንጋይ የሚያዞር ትልቅ ሞተር ነበረው። ግማሹን ዋጋ ከደረሳት ዕቁብ ትከፍላለች፣ ቀሪውን በየወሩ። ሁለት ወር ሳትከፍል ከቀረች ግን ሞተሩንም ወፍጮ ቤቱንም ይወስዳል። እንደ አሮጌው አንድ ድንጋይ የሚያዞር ትንሽ አዲስ ሞተርም ነበረው፤ ለእሱ ዕቁቡ ብቻ ይበቃል። አምባው ስለ ትንሹ ብዙም አላወራም።

ታናሽ ወንድሟ ከሊል ትልቁን ወደደ።

«ይኼን ሰልፍ አታይም እንዴ፣ እህቴ?» አላት፣ ማሽላ ተሸክመው እስከ አስፋልቱ የተሰለፉትን ሴቶች እያሳያት። «ግማሹን ሳትፈጪለት እየመለስሽ ነው። የዚህን ወር ገቢ እጥፍ አድርጊው፤ ለአምባው ከፍለሽ ወላሂ ይተርፍሻል!»

ዙለይኻ አመነችው። ለማግስቱ ሊፈራረሙ ተቀጣጠሩ።

ከሰዓት በኋላ፣ ምግብ ቤት ያላት ባየች የምትባል ጎረቤቷ ጤፍ ይዛ መጣችና ሰልፉን አይታ ሳቀች።

«ዙሌ፣ ጾማችሁ በየወሩ የሚገባ ቢሆን ሀብታም ሆነሽ ትወረሺ ነበር! እኔማ ሞኝ ነኝ፤ ረመዳን እስኪገባ መጠበቅ ነበረብኝ። አምና እኔና አንቺ ብቻችንን ቁጭ ብለን ስንጫወት አይደል የፈጨሽልኝ?»

ዙለይኻ እጇ ላይ የነበረውን ቁና አስቀመጠች። ወሩ ሻዕባን ነው፤ ከረመዳን በፊት ያለው። የአገሩ ሴት ሁሉ የረመዳኗን ዱቄት አስቀድማ ታስፈጫለች፤ ከዚያ እስከ ኢድ ወፍጮ ቤት አትደርስም። ከኢድ በኋላ ደግሞ ክረምት ነው፤ የአምናው ማሽላ አልቋል፣ አዲሱ ገና አልደረሰም። እሷም ራሷ በየዓመቱ የምታደርገው ነገር ነው፤ ሰልፉ አስረስቷት እንጂ።

ማታ ሞተሩን አጥፍታ ከሊልን ጠራችው።

«በሻዕባን ገቢ የዓመቱን ሒሳብ ሠራህልኝ። ሐምሌን የት ጣልከው?»

«ሐምሌም ቢሆን ትንሽ ነገር ይገባል።»

«እሱማ በዚህ በሽተኛም ይገባል። ትልቁ የሚጨምርልኝ ምንድን ነው? ሰው ከሌለ ሁለት ድንጋይ ቢዞር ምን ሊፈጭ? ትንሹ ግን ናፍጣ ይቀንስልኛል፤ ይኼ ተኝቶ የሚያባክንብኝንም ቀን ይመልስልኛል፣ በጋም ክረምትም።»

ከሊል ራሱን አከከ። «ሰልፉስ?»

«ይሰለፋ! ለአንድ ወር ብዬ ቤቴን አላስይዝም።»

በማግስቱ ትንሹን ገዛች። አምባው ፊቱ ባይፈታም ገንዘቡን ተቀበለ።

አሮጌውን ሞተር ደግሞ ቡሽራ የሚባል የሚኤሶ ሰው ለሽንኩርት ማሳው ውሃ መሳቢያ ፈለገው። ትንሽ ዋጋ ሲነግራት ዙለይኻ ተቆጣች።

«አዲሱ ፒስተንስ? ገና አሁን ያስገባሁት!»

«እንግዲያው ፒስተኑን አውጥተሽ ለራት ሥሪው» አላት ቡሽራ።

አሁን ደግሞ ትክክል የሆነው ከሊል ነው። «እህቴ፣ የፒስተኑ ገንዘብ ብትሸጪውም ባትሸጪውም ሄዷል። እዚህ ከቆመ የሚያተርፍልሽ ዝገት ነው።»

ሳቋ መጣና ሸጠችው። ገንዘቡ ለክረምቱ ናፍጣ ሆነ።

ሐምሌ ላይ፣ ዝናብ እየዘነበ የአምባው መኪና በአስፋልቱ ሲያልፍ ጥሩምባውን ነፋ። ባየች አንዲት ቁና ጤፍ ይዛ በር ላይ ተቀምጣ ነበር።

«መጣልሽ ሰውዬሽ!» አለቻት።

«ይለፍ፣ መንገዱ የመንግሥት ነው» አለች ዙለይኻ፣ በዱቄታም እጇ ሰላም እያለችው።

የባየችን ጤፍ ፈጭታ ስትጨርስ ሌላ ሰው አልመጣም። ወፍጮ ቤቱን ዘጋችና ገብታ ተኛች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቀን ላይ ስትተኛ ያያት ሰው አልነበረም።