ከበሮዬ ያልጠራት ሳርቲየም

ሳርቲየም በገበያችን አሥራ ስምንት ዓመት ፔቸል ሸጣለች። የተቀቀለውን ቅጠላ ቅጠል በለውዝ ማጣፈጫ አርሳ፣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ ስትሰጥ ያዩዋት ሰዎች እጇ ፈጣን መሆኑን ያውቃሉ። ያ እጅ ከዚያ በፊት ምን ይሠራ እንደነበር ግን አያውቁም። እኔ አውቃለሁ። ገበያ እንድትቀመጥ ያደረግኋትም እኔ ነኝና ታሪኳን መጻፍ ያለብኝ እኔው ነኝ።

የተወለደችው ከዎኖጊሪ ከተማ በስተደቡብ፣ ካሳቫ እንጂ ሩዝ ከማይበቅልበት ደረቅ ኮረብታ ነው። በአሥራ ሁለት ዓመቷ ሶሎ ከተማ ወርዳ በአንድ የመሳፍንት ወገን ቤት ለማድቤት ሥራ ገባች። የቤቱ ሴቶች ልጆች በሳምንት ሁለት ቀን የቤተ መንግሥቱን ውዝዋዜ ይማራሉ፤ እሷ ከምሰሶው ጀርባ ወለል ትወለውላለች። ዓይኗ ከውዝዋዜው ስለማይነቀል ያን አንድ ወለል ለመወልወል ግማሽ ቀን ይፈጅባት እንደነበር እየሳቀች ታወራ ነበር። ከዚያ ከአንድ የተዋንያን ቡድን ጋር ሌላ ቤተ መንግሥት ባለባት በጆግጃ ከተማ በኩል ሁለት ዓመት ዞረች። እዚያ ክንድ ይበልጥ ይቀናል፣ አረማመዱም ይጠብቃል። ወደ አገሯ ስትመለስ ከእኛ ቡድን ገብታ በመከርና በሠርግ የመንደሩን ጭፈራ መጨፈር ያዘች። ሦስቱም ስልቶች አካሏ ውስጥ ነበሩ፤ አንዱን ከአንዱ ስትደባልቅ ግን አይቼ አላውቅም።

እኔ የቡድኑ ከበሮ መቺ ነበርኩ። ማንኛችን በዕድሜ እንደሚበልጥ ስለማናውቅ እኔ እሷን «ዩ» እያልኩ እንደ ታላቅ እህት፣ እሷ እኔን «ካንግ» እያለች እንደ ታላቅ ወንድም እንከባበር ነበር። በእኛ ዘንድ ጨፋሪዋን የሚጠራት ከበሮው ነው። እያንዳንዱ እንቅስቃሴ የራሱ ምት አለው፤ ምቱን ስትሰማ አካሏ ይመልሳል። በቡድናችን ወግ ደግሞ ጨፋሪ ከበሮ መቺን «ምታልኝ» አትለውም። ነውር ነው። ቁጭ ብላ እጁን እያየች ትጠብቃለች።

ሳርቲየም ለእንቅስቃሴዎቹ የራሷ ስሞች ነበሯት። እግርን ሳያነሱ ወደ ጎን መንሸራተቱን «ሸርጣን» ትለዋለች። የመጨፈሪያ መቀነቷን ጫፍ ወደ ውጭ መወርወር «ዝንብ ማባረር» ነው። በእግር ጣት ቆሞ ቶሎ ቶሎ መራመዱን ደግሞ «ባል መጣ» ብላ ሰይማዋለች። ሴቶቹ በሳቅ ይሞታሉ።

እኔ ማንበብ የተማርኩት አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ በጎልማሶች ትምህርት ነው። ከመጀመሪያዎቹ መጻሕፍቴ አንዱ የውዝዋዜ ስሞች ዝርዝር ያለበት ቀጭን መጽሐፍ ነበር። ከዳር እስከ ዳር በቃሌ ያዝኩት። ከዚያ ሳርቲየምን ማረም ጀመርኩ፤ ይህ በሶሎ እንዲህ ይባላል፣ በጆግጃ እንዲያ ይባላል እያልኩ። አንድ ቀን በሰው ፊት፣ «ካንግ፣ መጽሐፍህ ጉልበት አለው? እስቲ በርከክ ብሎ ያሳየኝ» አለችኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም የሳቅሁ መሰልኩ፤ ነገሩ ግን በሆዴ ቀረ።

በዚያው ዓመት በመንደሩ አዳራሽ ለልጃገረዶች የውዝዋዜ ትምህርት እንደሚከፈት ተነገረ። ከወረዳ ፈታኞች መጥተው አንዲት አስተማሪ ይመርጣሉ ተባለ። ሳርቲየም እንደዚያ አጥብቃ የፈለገችው ነገር በሕይወቷ አልነበረም። በእኛ አገር የመከር ጨፋሪ ስሟ ንጹሕ አይደለም። ወንዱ እየጠጣ ያጨበጭብላታል፣ ሚስቱ በማግሥቱ መንገድ ላይ ፊቷን ታዞርባታለች። «አንዲት ልጅ ‹መምህርት› ብላ ብትጠራኝ፣ የቀረውን ሁሉ እረሳዋለሁ» ብላኛለች። ለሌላ ሰው የተናገረችው አይመስለኝም።

ፈታኞቹ ሦስት ነበሩ። አለቃቸው «ፓክ»፣ ማለትም አቶ፣ ፕራሞኖ የሚባል ትሑት፣ ጥሩ ልብስ የለበሰ ሰው ነው። አጠገቤ ተቀምጦ ከወረቀት ላይ አንድ የቤተ መንግሥት ውዝዋዜ ስም አነበበና እንድታሳየው ጠየቃት። ሳርቲየም ስሙን አታውቀውም። ከምሰሶ ጀርባ ያየችውን አየች እንጂ ስሙን የነገራት አልነበረም። ሁለተኛውን አነበበ፤ ሦስተኛውን አነበበ።

«ሳላውቀው አልቀርም ጌታዬ» አለች። «እኛ በሌላ ስም እንጠራው ይሆናል።»

«ምን ብላችሁ ትጠሩታላችሁ?»

እሷም ነገረችው። ሸርጣን፣ ዝንብ ማባረር፣ ባል መጣ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ፈታኞቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከሁሉም ከፍ ባለ ድምፅ።

ሳርቲየም አልሳቀችም። ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ ቀሚሷን ሰበሰበች፣ ቀና ብላ እጄን ማየት ጀመረች። ከበሮው ጭኔ ላይ ነበር። የሚያስፈልገው አራት ምት ብቻ ነው። ያን አራት ምት ብመታ፣ ሰውዬው ያነበበውን ሁሉ በሶሎም በጆግጃም ስልት ለይታ ታሳየው ነበር። ይህን ከእኔ በቀር በዚያ ቤት የሚያውቅ አልነበረም። እጄ ግን አልተነሣም።

ፓክ ፕራሞኖ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንተስ ፓክ ዳርሶ፣ ታውቃቸዋለህ?» አለኝ። እኔም ጀመርኩ። የመጽሐፉን ገጽ ከላይ እስከ ታች ወረድኩት፤ የሶሎውን ስም፣ የጆግጃውን ስም፣ ልዩነታቸውን። ከመንደር ሰው ይህን አልጠበቅሁም ብሎ አመሰገነኝ። ስጨርስ ሳርቲየም ዓይኗን ከእጄ ላይ አንሥታ ወለሉን ታይ ነበር።

ቦታው የምስክር ወረቀት ላላት የከተማ ልጅ ተሰጠ። እኔ የትምህርት ቤቱ ከበሮ መቺ ሆንኩ። ሳርቲየም መቀነቷን ለእህቷ ልጅ ሰጠችና ገበያ ገብታ ቅጠል መቀቀል ጀመረች። ሳልፍ ሁልጊዜ ትጠራኛለች። «ብላ እንጂ ካንግ» ትልና ማጣፈጫውን አብዝታ ታፈስልኛለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ከዓመት ዓመት ከየአገሩ እንግዳ አስተማሪ ይጋብዛል። አንዱ ሌላው እንቅስቃሴውን የሚጠራበት ስም አይገባውም፤ አንዱ «ልጆቹን አሳሳታችኋቸው» ሲል ሌላው ይቆጣል። እኔ ከከበሮዬ ኋላ ሆኜ ሳይ እግሩ ያው እግር፣ ትከሻውም ያው ትከሻ ነው። ስለዚህ ደብተር ገዝቼ የየአገሩን ስም ጎን ለጎን መጻፍ ጀመርኩ። ለዚሁ ብዬ አንድ የቆየ መጽሐፍ ተውሼ ሳነብ፣ የቤተ መንግሥቱ ስሞች ራሳቸው ምን ማለት እንደሆኑ ተጽፎ አገኘሁ። አንዱ የምታንዣብብ ዝንብ ነው። አንዱ ዓሣ ፍለጋ። አንዱ በጋለ መሬት ላይ መራመድ። ያን ሁሉ ዓመት በኩራት ስደረድራቸው ትርጉማቸውን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ስም ያወጡት የጥንት ሰዎች ዝንቡንም ዓሣውንም ያዩት ሳርቲየም እንዳየችው ነው። መጽሐፉን ዘጋሁ። ብዙ ቀን መልሼ አልከፈትኩትም።

በመጨረሻ ደብተሬን ይዤ ገበያ ሄድኩ። ገበያተኛው እስኪሳሳ ጠበቅሁና አግዳሚው ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። የመጻሕፍቱን ስሞች አነበብኩላት፤ የሷን ስሞች ከጎናቸው ልጽፍ እንደመጣሁ ነገርኳት። ከዚያም ለዓመታት ያዘጋጀሁትን ተናገርኩ።

«ዩ፣ ያን ቀን እጄን ስታዪ አይቼሻለሁ። አውቄ ነው ያልመታሁት።»

«አውቃለሁ» አለች ለውዟን እየወቀጠች። «ከበሮ መቺ ይናደዳል፤ ስንቱን አይቻለሁ። እሱን ትቼዋለሁ።»

እፎይ ልል ስል ሙቀጫውን አቆመች።

«ግን ካንግ፣ ለምን ሳቅህ? አንተ እኮ ሸርጣኑን ታውቀዋለህ። ሃያ ዓመት ሙሉ በከበሮህ ስትጠራው ኖረሃል።»

ይህን አልተዘጋጀሁበትም ነበር። ስለ እጄ ያወጣሁት ቃል ሁሉ ለዚህ አልሠራልኝም። 

«እንዳንቺ እንዳልመስላቸው ፈርቼ ነው» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። በፊቷ ላይ ቁጣ አላየሁም።

«እንደኔማ ነበርክ» አለች። «ያ ምን ክፋት ነበረው?»

አንዲት ሴት መጥታ ፔቸል ጠየቀች። ሳርቲየም ጠቅልላ ሰጠቻትና እጇን በጨርቅ ጠርጋ ወደ ደብተሬ ጎንበስ አለች። ማንበብ አትችልም፤ የትኛው መስመር ምን እንደሆነ እንድነግራት ጠየቀችኝ። ሦስተኛውን ስነግራት ተሳስተሃል አለች። መጀመሪያ የሚዞረው ተረከዝ ነው፣ ዳሌ አይደለም። አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠች በታመመ ጉልበቷ አሳየችኝ፣ እንድጽፈውም አዘዘችኝ። እየሰረዝኩ ጻፍኩ። ስርዝ ድልዙ ስለበዛ ያን ገጽ ዛሬም ሰው ሊያነበው ይቸገራል፤ ገልብጬ ልጽፈው ግን አልፈለግሁም።