ጀንፈል ቀለም ያለው ካፖርት

እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ካፖርት በእጇ የነካችው እኔ ሮቤ ለትምህርት ከመጣሁ በኋላ ነው። በአገሬ በደሎ መና ካፖርት የሚለብስ ሰው የለም። እኛ ዘንድ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ሁሉም ጥላ ይፈልጋል፤ ልብስም የምንመርጠው ይህንኑ እያሰብን ነው። ስስ ይሁን፣ ነጣ ያለ ይሁን፣ ነፋስ ያስገባ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ሻንጣዬን የሞላሁትም እንደዚያ ባሉ ልብሶች ነበር። ሁሉም ታጥበው፣ ተተኩሰው፣ በሥርዓት ተጣጥፈዋል። ሹራብ አንድ ነበረኝ፤ እሱም ለወጉ ያህል የተገዛ ነው።

ኅዳር ሲጋመስ ሳል ያዘኝ። ጠዋት ከመኝታ ክፍል ስወጣ ሣሩ ላይ ውርጭ ተኝቶ አያለሁ። ነፋሱ ከስንዴው ማሳ ተነሥቶ ያለ ከልካይ ይመጣና በአንገቴ ይገባል። በረደኝ ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። ገና መምጣቴ ስለነበር አማራሪ መባልን ፈራሁ። ሳልን መደበቅ ግን አይቻልም፤ እናቴ በስልክ ሰማችው።

"ምንድን ነው እሱ?" አለች።

"ምንም አይደል፣ እማዬ። ትንታ ነው።"

"ትንታው እኔ ስደውል ብቻ ነው የሚመጣው?"

ልጅ ሳለሁ የሳንባ ምች ይዞኝ ጤና ጣቢያ ተኝቼ ነበር። እኔ ብዙም አላስታውሰውም። እናቴ ግን ከዚያ ወዲህ ሳል በሰማች ቁጥር የያዘችውን ሥራ ታቆማለች። በማግሥቱ ደውላ ቁርጡን ነገረችኝ። መጥታ ታየኛለች፤ ለብርዱ የሚሆን ልብስም ትገዛልኛለች። ያም ሆኖ ልቧ ካላረፈ ትምህርቱን ትቼ ወደ ቤት እመለሳለሁ።

"ትምህርት የትም አለ፤ ሳንባ ግን ገበያ ላይ አይገኝም" አለችኝ።

እኔም እንደ ልማዴ "እሺ" አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ወደዚህ ለመምጣት ብዙ አንብቤያለሁ፤ መመለስ አልፈልግም ነበር። ይህንን ለእናቴ እንዴት እንደምነግራት ግን አላወቅሁም።

የክፍል ጓደኛዬ የጎባ ልጅ ናት። ነገሩን ስነግራት፣ "እናትሽ ጎባ እኛ ቤት ይረፉ። ልባሽ ጨርቅ የሚሸጥበትን ቦታ እኔ አሳያችኋለሁ" አለችኝ። እናቴም መጣች። በመንገዷ ላይ ያለውን ብርዳም የሳነቲ ተራራ ያለፈችው በቀትር ፀሐይ ስለነበር ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል እንዳደረገች ነው ከአውቶቡስ የወረደችው። መጀመሪያ ጉንጬን ሳመችኝ፤ ቀጥላ ጆሮዋን ደረቴ ላይ አደረገች። መናኸሪያው በሰው የተሞላ ነበር፤ እሷ ግን ማንንም አላየችም።

ጓደኛዬ የወሰደችን ልብስ ሻጭ ጎልማሳ ሴት ናት። ካፖርቶቿ ገሚሶቹ ሽቦ ላይ ተሰቅለዋል፣ ገሚሶቹ ሸራ ላይ ተከምረዋል። "ኣካም ጂርቱ፣ አዴ" ብላ ስትቀበላት እናቴ በኦሮምኛ ደኅንነቷን ነገረቻትና ጊዜ ሳታጠፋ ወደ ሽቦው ሄደች። ክሬም ቀለም ያለው ስስ ካፖርት አወረደች። ጨርቁን ወደ አፏ አስጠግታ እፍ አለችበት፤ በወዲያኛው በኩል መዳፏን ዘርግታ ትንፋሿ ማለፉን አረጋገጠች።

"ይሄ ጥሩ ነው። ያሳልፋል" አለች።

እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። በዚህ ፈተና ነው ያደግሁት፤ ስሕተቱ ጨርሶ አልታየኝም።

ሻጯ ትክ ብላ አየችን። "ከቆላ ነው የመጣችሁት?"

"በምን አወቅሽ?"

"ወላሂ፣ ካፖርትን እንደ ወንፊት የሚፈትሽ ሰው እዚህ አይቼ አላውቅም።"

ጓደኛዬ አፏን በእጇ ሸፈነች። "እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኛ እዚህ የምንሸሸው እሱኑ ነው። ነፋሱን።"

"ቀለሙስ?" አለች እናቴ፤ ቶሎ እጅ መስጠት አልፈለገችም። "ጠቆር ያለ ልብስ ፀሐይ ይስባል።"

"ይሳባታ! ፀሐይዋን አግኝተናት ነው?" አለች ሻጯ።

እናቴ ክሬሙን ካፖርት አገላብጣ አየችው። ከዚያ ሳቀች። "እንግዲያ እስከ ዛሬ የማውቀውን ሁሉ ገልብጬ ልልበሰው ነዋ" አለችና መልሳ ሰቀለችው። ሲሰቀል አየሁት። እውነቱን ለመናገር እኔም ያማረኝ እሱ ነበር።

ቀጥሎ ሻጯ ጥቁር ካፖርት አመጣች። ከባድ ነው፤ ውስጡ ሲገባ ደጁ ይረሳል። "ይሄ ሳነቲ ላይ ያሳድራል" አለች። ጓደኛዬ ወደደችው። እናቴ ግን ፊቷን አዞረች።

"ልጄ ጥቁር ለብሳ ስትዞር ሰው ማን ሞተባት አይልም?"

"ተማሪው ሁሉ ጥቁር ነው የሚለብሰው፣ እማማ።"

"ተማሪውን ሁሉ እናቱ አላየችውማ።"

ግራጫው መጣ፤ እናቴ አመድ ነው አለች። ሰማያዊው መጣ፤ የዘበኛ ይመስላል አለች። እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ረጅም ካፖርት ሲመጣ ደስ አላት፤ ጓደኛዬ ግን የሮቤ ጭቃ ጫፉን ይዞ እንደማይለቀው አስረዳቻት። ወገቡ ላይ ቀበቶ ያለው አጭር ካፖርት ጓደኛዬን ደስ አላት፤ እናቴ ደግሞ ጉልበቴ ላይ እጇን አድርጋ፣ "ይሄስ የማን ነው?" አለቻት። እኔ አንዱን አወልቃለሁ፣ ሌላውን እለብሳለሁ። ለሁሉም "ጥሩ ነው" እላለሁ።

ሻጯ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። "አዴ፣ ለልጅቷ ነው ወይስ ለእርስዎ ነው የምንመርጠው?"

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። "እውነቷን ነው። አንቺስ የቱን ወደድሽ?"

"ሁሉም ጥሩ ነው።"

"ሁሉም ጥሩ የሚባል ነገር የለም። ብርዱ በአንቺ አንገት ነው የሚገባው።"

ይህን ስትለኝ ደነገጥሁ። ብርዱ በየት በኩል እንደሚገባ አልነገርኳትም ነበር። ምናልባት ትከሻዬን ወደ ጆሮዬ አስጠግቼ መቆሜን አይታ ይሆናል። ሸራው ላይ ያለውን ክምር በእጄ መፈለግ ጀመርሁ። ከታች ያገኘሁት ካፖርት መጀመሪያ ጥቁር መሰለኝ። ወደ ፀሐዩ ሳወጣው ግን ቀላ ያለ ጥልቅ ቡናማ ሆነ። ቁልፎቹ በሁለት ረድፍ ናቸው፤ ወደ ታች ጉልበትን አልፎ ይቆማል። ኮሌታው ሰፊ ነው። ለብሼው ኮሌታውን አቆምሁና ጀርባዬን ለነፋሱ ሰጠሁት። ነፋሱ ትከሻዬ ላይ ደርሶ ቆመ።

"ይሄን" አልኩ። ድምፄ ከወትሮው ከፍ ብሎ ነበር።

እናቴ እጅጌውን ይዛ ወደ ብርሃኑ አገላበጠችው። ሌላውን ሁሉ የጣለችበት ፊቷ ተለወጠ።

"ጀንፈል ነው" አለች። ከነገለባው ደርቆ ያለቀለትን ቡና ማለቷ ነው፤ በየዓመቱ ግቢያችን ውስጥ ሰሌን ላይ የምናሰጣውን። ከዚያ ሻጯን እንደ ገዢ ቆጥራ ታስረዳት ጀመር። "ገና ከሆነ ቀይ ነው። ዝናብ ካገኘው ደግሞ ይጠቁራል፣ ይበላሻል። ይሄ ግን ልክ ሲደርቅ ያለው ቀለም ነው። እንዲህ ያለውን ገበያ ያመጣ ሰው ሳይሸጥ አይመለስም።"

"ማሻአላህ፣ እርስዎ ቢሸጡልኝ ይሻለኝ ነበር" አለች ሻጯ።

የግራ እጅጌው ገበር ተቀዶ ስለነበር በረንዳው ላይ ወደሚሠራው ልብስ ሰፊ ወሰድነው። ሰውየው ጥቁርና ክሬም ገበር አሳየን። ጓደኛዬ ጥቁሩን ስታነሣ እናቴ ክሬሙን ከእጁ ተቀበለች። "ውስጡን እንኳ ለእኔ ተዉልኝ" አለች። ሰውየውም ክሬሙን ሰፋልን።

ማታ በጓደኛዬ ቤት እራት ስንበላ አንድ ጊዜ ሳልኩ። ክንዴ ላይ ነበር የሳልኩት፤ ቢሆንም ሰማች። እኔም ካፖርቱ ደስ ብሎኛል፣ አሁን ይሞቀኛል፣ እያልኩ ደጋግሜ ነገርኳት። "አየሁት። ቤት ደርሼ ከአባትሽ ጋር ተመካክሬ አሳውቅሻለሁ" ብቻ አለችኝ። ልቧ እንዳላረፈ ገባኝ።

በማግሥቱ ማለዳ ወደ መናኸሪያ ሸኘኋት። ፀሐይ ገና አልወጣችም። የሰዎቹ ትንፋሽ ነጭ ሆኖ ይታያል። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ተሸፋፍናለች፤ ጣቶቿ ግን የዘንቢሉን ጆሮ በደንብ መያዝ አቅቷቸዋል። ስትመጣ ሳነቲን ያየችው በቀትር ነው፤ አሁን የምታልፈው በጠዋት ውርጭ ነው። ካፖርቴን አወለቅሁ።

"አይሆንም" አለች። "ለምን መጣሁ እኔ?"

"እስክትደርሺ ነው። በሹፌሩ ትልኪልኛለሽ።"

"አንቺስ?"

"ጓደኛዬ ጋቢ አላት።"

እንቢ ልትል ስትል እጇን ይዤ እጅጌው ውስጥ አስገባሁት። እናቴን ሳለብሳት ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ኮሌታውን አቁሜ ቁልፎቹን ዘጋሁላት፤ እሷም ዝም ብላ ቆመችልኝ። አውቶቡሱ ሲነሣ በመስኮቱ በኩል ኮሌታውና ዓይኖቿ ብቻ ይታዩኝ ነበር።

በዚያ ቀን መማሪያ ክፍል በጋቢ ገባሁ። ከኋላ አንዱ፣ "እማሆይ፣ ይባርኩን" አለኝና ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ለእናቴ ስደውል ግን ስልኳ አይሠራም። የአባቴም እንዲሁ። ደሎ መና ኔትወርክ ሲጠፋ የሁሉም ነው የሚጠፋው። ከመምህሩ የሰማሁትን እጽፋለሁ፤ ነገ እዚህ ወንበር ላይ እኖር እንደሆነ ግን አላውቅም።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። ከደሎ መና ጎባ የገባው የአውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ ዕቃ አለሽ አለኝ። ከሮቤ ታክሲ ይዤ ሄድሁ። ካፖርቴ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል። ስቀበለው ከበደኝ።

"እናትሽ፣ 'ይሄን ለብሳ ትማር በላት' ብላኛለች" አለኝ ሹፌሩ። "ደግሞ ቀጥ አድርገህ ያዘው ብላኝ ነበር። ግን መንገዱን ታውቂው የለ።"

የተናገረውን አስደገምሁት። ግራ ገብቶት ደገመልኝ። እዚያው ቆሜ ገመዱን ፈታሁ። መሐሉ ላይ በላስቲክ የታሰረ የማር ዕቃ ነበር፤ ክዳኑ ላልቶ አዲሱ ገበር ላይ ማር ፈስሷል። እንደዚያው ለበስሁት። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት አባት አሽትተው አሽትተው፣ "ልጄ፣ ቀፎ ነሽ?" አሉኝ። ማር እንደፈሰሰብኝ ነገርኳቸው፤ የግራ እጄ እጅጌው ላይ ተጣብቆ ነበር።

ማታ ኔትወርኩ ተመልሶ እናቴ ደወለች።

"ደረሰሽ?"

"ደረሰኝ። አመሰግናለሁ፣ እማዬ።"

"የአውቶቡሱ መስኮት አይዘጋም ነበር" አለች። "ሳነቲ ላይ ሰው ሁሉ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። አጠገቤ ለነበረችው ሴትዮ በአንዱ ጎን ሸፈንኳትና ... እንቅልፍ ወሰደኝ። የነቃሁት ሐረና ጫካ ገብተን ነው። አባትሽ ሳነቲ ላይ ተኛሁ ስለው አላመነኝም። እኔ ግን ነፋሱ እላዬ ላይ ሲቆም አየሁት።" ቀጥላ ጠየቀችኝ፤ "ሳሉስ?"

"አለ፤ ግን ቀንሷል። ጠዋት ጠዋት ይብስብኛል።"

"ተመስገን" አለች።

"ምኑ ነው ተመስገን?"

"ትንታ ነው አላልሽኝማ። እንዲህ እየነገርሽኝ ተማሪ።"

ጓደኛዬ ገበሩን አጥበሽ አድርቂው ትለኛለች። እጥበዋለሁ፤ ግን ውርጩ ሲያበቃ ነው። እስከዚያ ማውለቅ አልችልም።