ቤቱ ያልታየበት ፎቶ

ባለፈው እሑድ የወንድሜ ልጅ ሄርሜላ ከዓለም ባንክ ሰፈር ልትጠይቀኝ መጣችና «አክስትዬ፣ በሩ ላይ ቁሚልኝ፣ ፎቶ ላንሳሽ» አለችኝ። እኔ ደግሞ ሰሞኑን መቆም ራሱ ይሰለቸኛል። ጉልበቴን ያመኛል፣ ወገቤን ያመኛል፤ የማያምሽ የቱ ነው ብባል ይቀለኛል። ቢሆንም ልጅቷ በታክሲ ተጋፍታ መጥታ እምቢ ማለት ነውር ነውና ነጠላዬን አስተካክዬ ቆምኩ። አንስታ ስታበቃ ስልኳን አሳየችኝ። እኔ ቁልጭ ብዬ ወጥቻለሁ፤ ከኋላዬ ያለው ቤት ግን ጭጋግ ውጦታል።

«እንዴ! ቤቱን የት ወሰድሽው?»

«እንደዚህ ነው የሚያምረው፣ አክስትዬ። ስልኩ ራሱ ነው የሚያደበዝዘው።»

ወይ ስልክ! ይኸው ቤት አንድ ጊዜ በፎቶ ውስጥ እንዲሁ ጠፍቶብኝ ነበር። ያኔ ያጠፋው ስልክ ሳይሆን የጎረቤታችን የፎቶ አንሺው የጀማል ሌንስ ነው።

ጊዜው የደርግ ነበር። እኔና ባለቤቴ ታደሰ ከተጋባን ዓመት ሳይሞላን እዚህ ቀራኒዮ ቦታ ተመራን። ታደሰ ማገሩን ማግሮ፣ ጣሪያውን አቁሞ፣ ግድግዳው ገና ሳይመረግ ለውትድርና ተወሰደና ወደ ሰሜን ሄደ። እኔ ኮልፌ እህቱ ቤት ተጠግቼ ቀረሁ። እህቱ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ግን የሰው ቤት የሰው ቤት ነው። ማታ ፍራሼን ሳነጥፍ፣ ጠዋት ስጠቀልል፣ ሁልጊዜ የሰው መንገድ የዘጋሁ ይመስለኝ ነበር።

ስለዚህ ቤቱን ልጨርሰው ተነሳሁ። ክር ፋብሪካ በፈረቃ እሠራለሁ፤ ከፈረቃ ስወጣ ደግሞ ጭቃ አቦካለሁ። የጎደለውን እንጨት ከአጠና ተራ በአህያ አስጭኜ አመጣሁ። ጭዱን ከጭቃው ጋር በእግሬ ስረግጥ ቅዝቃዜው እስከ ጥርሴ ይሰማኝ ነበር። አንዳንድ እሑድ የሰፈሩ ሴቶች መጥተው አብረውኝ ይመርጉ ነበር፤ በቀረው ቀን ብቻዬን ነኝ። ወጣት ነበርኩ ስል ሁሉም ሰው ጉልበት ነበረሽ ማለት ይመስለዋል። ኧረ እኔስ ያኔም ደክሞኝ ነበር! ቆሜ በቆሎ እሸት እየጋጥኩ እንቅልፍ ወስዶኝ ያውቃል።

በዚያ ክረምት የታደሰ ጓደኛ አሥር አለቃ ግርማ ለፈቃድ አዲስ አበባ መጣ። ከታደሰ የያዘው መልእክት አንድ ብቻ ነበር፤ ቤቱ ቆመ ወይ?

«ሌላ ወሬ የለውም» አለኝ ግርማ። «ሚስቴ አስካለ በሰው ቤት እየተንከራተተች ነው፣ እሱን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም ይላል።»

«አልቋል በለዋ! ነሐሴ ሳይወጣ እገባለሁ።»

«ብነግረውም አያምነኝም። ሊያጽናናኝ ነው ይላል። የሚታይ ነገር ስጪኝ።»

የሚታይ ነገር ያለው ጀማል ጋ ነው። ጀማል ኮልፌ ዋናው መንገድ ዳር ትንሽ ፎቶ ቤት ነበረችው። ያን ሰሞን ወደ አገሩ ከሚመለስ ጀርመናዊ አንድ ሌንስ ገዝቶ ነበር፤ አፉ ሰፊ፣ ብርጭቆው የበሬ ዓይን የሚያህል። ሌንሱ አያቀርብም፣ አያርቅም፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚመላለሰው ጀማል ራሱ ነው። ጨለማ ቤት ውስጥ ግን ያለ ፍላሽ ያነሳል። አልጋ ላይ የዋሉ አንድ ሽማግሌ በመስኮት ብርሃን ብቻ አንስቷቸው የጺማቸው ጸጉር አንድ በአንድ ይቆጠር ነበር። ችግሩ የሰፈሩ ሰው ነው። በዚያን ዘመን ፎቶ የሚነሳ ሰው ጫማው፣ ሬዲዮው፣ ቴርሞሱና የፕላስቲክ አበባው ካልታዩለት እንደተነሳ አይቆጥረውም። ጀማል ደግሞ ሌንሱን በሰፊው ከፍቶ ፊቱን ብቻ ያጠራና የቀረውን ሁሉ ያደበዝዘዋል። አንዲት የሙሽራ እናት «ሚዜዎቹን ምን በላቸው?» ብላ ስትጮህበት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እሱ እቴ፣ ሌንሱን በሸሚዙ ጫፍ እየጠራረገ ይስቃል።

ግርማ ጠዋት ሊሄድ፣ ጀማል በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ቀራኒዮ ሊመጣ ተቀጣጠርን። በሩን ሰማያዊ ቀባሁት፤ ታደሰ ሲመኘው የነበረ ቀለም ነው። ግቢውን ጠርጌ ስጨርስ ዝናቡ ወረደ። የነሐሴን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው ከሰው አይደማመጥም። ጀማል ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ካሜራውን በላስቲክ አቅፎ ብቅ ሲል ሰማዩ ጠቁሮ፣ ቀኑ ሊመሽ ደርሶ ነበር።

«ብርሃን የለም» አለ። «ሌላ ሌንስ ቢሆን ወደየቤታችን ነበር። ይሄን ግን እስከ መጨረሻው ከፍተዋለሁ። ደግሞ ፊልሙ አልቆ የቀረኝ አንድ ነው፤ እንዳትነቃነቂ።»

«ቤቱ ይታይ እንጂ ስለ እኔ አትጨነቅ» አልኩት።

ጭቃው ውስጥ ወደ ፊት መጣ፣ ወደ ኋላ ሄደ፣ ሊወድቅም ምንም አልቀረው።

«ፈገግ በይ እንጂ፣ አስካለ!»

«ፈገግ ብያለሁ እኮ!»

«የታለ?»

ከዚያ ቀጭ አደረገው።

ጠዋት ለታደሰ የምልከውን በሶ በከረጢት ተሸክሜ ፎቶ ቤቱ በር ስደርስ ግርማ ቀድሞኝ ቆሟል። ጀማል ፎቶውን በሁለት እጁ ይዞ ወጣ፤ ፊቱ እንደ ሙሽራ ያበራል። አየሁት። እኔ አለሁ፤ ሻሼ፣ ሽፋሽፍቴ፣ ጉንጬ ላይ የደረቀች የጭቃ ነጠብጣብ ሳትቀር አለች። ከኋላዬ ግን ጉም ነው። በር የለ፣ መስኮት የለ፣ ቆርቆሮ የለ።

«ቤቴ የታለ?»

«አለ፣ ከኋላሽ ነው። ፊትሽን ግን እዪው እስቲ! እንደዚህ ያለ ፎቶ በሕይወቴ አንስቼ አላውቅም።»

«እኔንማ ያውቀኛል! ያላየው ቤቱን ነው!»

መንገድ ላይ አለቀስኩ። ያ ሁሉ ጭቃ፣ ያ ሁሉ እንቅልፍ ማጣት፣ አንድ ጉም ሆኖ ቀረ። ግርማ መኪናው ሊሄድበት ስለሆነ ፎቶውን ከእጄ ተቀብሎ ደረት ኪሱ ከተተው። እስከ ፌርማታው ተከትዬው «በሩ ሰማያዊ ነው በለው! ቆርቆሮው አዲስ ነው በለው!» እያልኩ ሄድኩ። ጀማልን ግን ዘጋሁት። በፎቶ ቤቱ በኩል ሳልፍ ፊቴን አዞር ነበር።

ቤቱ ገባሁ። ከጥምቀት በኋላ ግርማ ክንዱ ቆስሎ መጣ። ድንች ወጥ አቀረብኩለት፤ በግራ እጁ መብላት ገና አልለመደም ነበር። እስኪጨርስ መታገሥ አቃተኝ።

«ቤቱን ነገርከው? አመነህ?»

«ነገርኩት። በሩንም፣ ቆርቆሮውንም። የሰማኝ አይመስለኝም።» ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠ። «ፎቶውን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ደክሟታል አለ። ሌላ ምንም አላለም፤ ደክሟታል ብቻ።»

ወጡን ላሙቅ ብዬ ተነሳሁና ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። በማግስቱ ጀማል ጋ ሄጄ «ያንኑ ፎቶ አንድ ድገምልኝ» አልኩት። ዕለቱን ሠራልኝ።

ግርማ ክንዱ ሲድን ወደ ጦሩ ተመለሰ፤ ከዚያ በኋላ የታደሰ ወሬ ጠፋ። መንግሥት ሲለወጥ ወታደሩ ሁሉ በእግሩ፣ አቧራ ለብሶ ሲመለስ፣ እኔ ሰማያዊው በር ላይ ተቀምጬ የአላፊ አግዳሚውን ፊት አይ ነበር። ግርማም አልመጣ፣ ታደሰም አልመጣ። በሩን ስንት ጊዜ መልሼ ቀባሁት፤ ሌላ ቀለም ግን ቀብቼው አላውቅም።

እኔ ያን ፎቶ የፈለግኩት ደህና ነኝ ለማለት ነበር። ቤት ያለው ሰው ደህና ነዋ! ታደሰ ግን በዚያ በሩቅ አገር፣ የእጁን መዳፍ በምታህል ወረቀት ላይ፣ ለማንም ያልተናገርኩትን አየብኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው በርቺ ብሎኛል፣ ጎበዝ ብሎኛል፣ ብቻዋን ቤት ሠራች ብሎ አመስግኖኛል። ደክሟታል ያለኝ ግን እሱ ብቻ ነው።

ሄርሜላ ስልኳን ስትነካካ ቆይታ ቀና አለች።

«እዪው አሁን፣ አክስትዬ! ፊትሽን አስተካከልኩት፣ የዓይንሽን ሥር ድካም አጠፋሁልሽ። ልጅ አልመሰልሽም?»

አየሁት። እውነትም ልጅ መስያለሁ።

«መልሺው» አልኳት።

«ቤቱን?»

«ቤቱስ ይቅር። ድካሙን መልሺልኝ።»