በሁዳ የጾም ቀን የሚገነፍለው ፍሳሽ

እኔ ደብሪቱ በሠራተኝነት ሁዳ ቤት ስገባ ልጄ ፀዳል የአራት ዓመት ሕፃን ነበረች፤ ዛሬ ደሴ ስድስተኛ ክፍል ናት። ስምንት ዓመት ሙሉ በሰው አገር፣ ከአርሂባ ሰፈር ጀርባ ባለው በዚህ ቤት አብስያለሁ፣ አጥቤያለሁ፣ የሰው ልጅ አሳድጌያለሁ። አንድም ቀን «ዋሸሽ» ተብዬ አላውቅም። ዘንድሮ ግን በፍሳሽ ምክንያት ውሸታም ተባልኩ። ወይ ጉድ!

በየወሩ ሁለት ሦስት ጠዋት የግቢው የፍሳሽ ማንሆል ክዳኑን ገፍቶ ይገነፍላል። ሽታውን ተዉት። የሚያጥበው ማን ነው? እኔ። የሚወቀሰውስ? እሱም እኔ! ሁዳ በአረብ ወር አጋማሽ፣ ጨረቃዋ ሙሉ ስትሆን ሦስት ቀን ትጾማለች። ለማፍጠሪያዋ ሳምቡሳ ስለምጠብስ «ማታ ዘይቱን ቱቦው ውስጥ ትደፊያለሽ፣ ጠዋት ይመለሳል» አለች። ዘይቱን የማጠራቅመው በጀሪካን ነው። ይህን ብላት «ዋሸሽ» አለችኝ። ማን ሰምቶኝ!

ካርቲየ 5 ከሚባለው ሰፈር ጉዲናን አስጠራች። ጉዲና የድሬዳዋ ልጅ ነው፣ የቧንቧ ሠራተኛ፤ በረጅም ሽቦ ጫፍ ላይ የታሰረ ካሜራ አለው። ከሰዓት በኋላ መጥቶ ሽቦውን ማንሆሉ ውስጥ ሰደደና ስክሪኑን ለሁዳ አሳያት።

«ፕላስቲክ ቱቦ ነው፣ አዲስ። አይዝግም፣ ጨው አይበላውም። ጤነኛ ነው» አላት። ካሜራው የግቢው በር ሥር ደርሶ ፕላስቲኩ ሲያልቅ ሽቦውን መጠቅለል ጀመረ።

«ከዚያ ወዲያስ?» አልኩት።

«ከዚያ ወዲያ የድሮ የሲሚንቶ ቱቦ ነው እህቴ። ጫፉን አይቼዋለሁ፣ ደረቅ ነው።» ሄደ።

ሁዳ ወደ እኔ ዞረች። «ቱቦው ደህና ነው ማለት ነው። አንድ ጊዜ ይድገምና ወደ አገርሽ ትሄጃለሽ።»

የመኖሪያ ወረቀቴ በእሷ ስም ነው፤ ሂጂ ካለች መሄድ ነው። የፀዳልም ትምህርት እዚያው ላይ ያበቃል። 

ፍሳሹን ሳጥብ ግን አንድ ነገር አስተውያለሁ፦ ወለሉ ሲደርቅ ነጭ ብናኝ ይቀራል። በጣቴ ፈተግኩት። ጨው ነው! ዘይት ከመቼ ወዲህ ነው ጨው የሚተወው? አንድ ጠዋት ደግሞ ዓሣ ልገዛ ስወርድ ባሕሩ እስከ ግንቡ ሞልቶ አገኘሁት። ዓሣ ሻጩ ሙሰዲቅ «ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ጠዋት እንዲህ ይሞላል፣ ከሰዓት ይሸሻል» አለኝ። ሙሉ ጨረቃ! የሁዳ ጾም!

እየሮጥኩ ሄጄ ነገርኳት። ሳቀችብኝ። «አሁን ደግሞ ባሕሩን ልትከሺ ነው?»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እስኪጠራ ድረስ ግን ውሸታም ተብሎ የሚያድረው ማን ነው?

በሚቀጥለው ወር ጾሟ ሲደርስ በገዛ ስልኬ ለጉዲና ደወልኩ። «ነገ ጠዋት ካልመጣህ የልጄን እንጀራ የቆረጥከው አንተ ነህ» አልኩት። እያጉረመረመ መጣ። ማንሆሉ መገንፈል ጀምሯል፤ ሁዳም እጇን አጣምራ ቆማለች። «ሲሚንቶው ድረስ አስገባው» ብዬ ከአጠገቡ አልንቀሳቀስ አልኩ።

ካሜራው ፕላስቲኩን አልፎ ሲሚንቶው ውስጥ ሲገባ ጉዲና «ኧረ!» አለ። የቱቦው ጣሪያ ተበልቶ ተሰንጥቋል። በስንጥቁ ውሃ አሸዋ ይዞ ይገባል፣ ወደ እኛም ቤት ይፈስሳል።

«የፍሳሹ ጋዝና ጨዋማው ውሃ ሲሚንቶውን በልተውታል» አለ ላቡን እየጠረገ። «ባሕሩ ሲሞላ በስንጥቁ ይገባል፣ ፍሳሹ መውጫ ያጣና ይመለሳል። ያኔ የመጣሁት ውሃው ሸሽቶ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው እህቴ፣ ከዘይት ጋር ምንም አይገናኝም።»

ሁዳ ስክሪኑን ብዙ አየች። ከዚያ «ጉዲና፣ ሁለቴ አደከምንህ፣ ይቅርታ» አለች።

ለእሱ! 

«እኔንስ?» አልኩ።

«አንቺማ የቤት ሰው ነሽ። የቤት ሰው ይቅርታ ምን ያደርግለታል?» ብላ መጥረጊያውን ወደ እኔ ገፋችው።

«የቤት ሰው ከሆንኩ ቃሌ ለምን አልታመነም?»

 መጥረጊያውን ሳልነካ ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።  ከጥቂት ቆይታ በኋላ መጥረጊያው ወለሉን ሲፍቅ ሰማሁ። ሁዳ በጾም አፏ ፍሳሹን ትጠርጋለች።

አልወጣሁም።