ከሰደፉ ብረት ሥር ያለችው ወፍ

ጋሽ ቃታ በየጠዋቱ ማንቆርቆሪያውን ውሃ ከመሙላታቸው በፊት ትንሿን ጣታቸውን አፍንጫው ውስጥ ይከታሉ። ጣቷ እስከ ሁለተኛው አንጓ ትገባለች፣ አንድ ጊዜ ትዞራለች፣ ትወጣለች። ከዚያ «ባዶ!» ይላሉ።

«ሻዩ እንዳይተኩስብህ ነው?» ትላቸዋለች ሚስታቸው ከአልጋዋ ሳትነሳ።

«የሚተኩሰውማ ባዶ ነው የተባለው ነው» ይመልሳሉ።

የተከራየኋት ክፍል ከእነሱ ጋር አንድ ግድግዳ ትጋራለችና ይህን ንግግር ስሰማው ሁለት ዓመት ሆነኝ። ጣቷ ማንቆርቆሪያ ብቻ አይደለም የምትመረምረው። የውሃ ጎማ፣ የአበባ ማስቀመጫ፣ የልጅ ልጃቸው ዋሽንት ሁሉ ይደርሳቸዋል። አንድ ጊዜ የቧንቧ ሠራተኛ አዲስ ቱቦ ሊገጥም መጥቶ፣ ጣታቸውን ሲሰዱ አይቶ «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ገና ከፋብሪካ መምጣቱ ነው» ቢላቸው፣ «ጠመንጃም የሚመጣው ከፋብሪካ ነው» አሉት።

ሥራቸው የጠመንጃ ሰደፍ ነው፤ ተኳሽ ትከሻው ላይ የሚያስደግፈው እንጨት። የተሰነጠቀውን ያጣብቃሉ፣ የተሰበረውን በአዲስ ይተካሉ። ጠመንጃ አይሸጡም፣ አይገዙም። ሆኖም በከተማው ውስጥ ሰው ለሰው ጠመንጃ ሊሸጥ ሲነሳ መጀመሪያ የሚመጣው ከመናኸሪያው ጀርባ፣ በልብስ ሰፊውና በባትሪ ጠጋኙ መካከል ተጣብቃ ወደቆመችው ሱቃቸው ነው። ሻጭ ገዢን አያምንም፣ ገዢ ሻጭን አያምንም፤ ሁለቱም ግን ያቺን ጣት ያምናሉ።

ሥርዓቱ አይዛነፍም። ጠመንጃው አፈሙዙ ግድግዳው ሥር ወዳለው የአሸዋ ጆንያ ዞሮ ጠረጴዛው ላይ ይጋደማል። ጋሽ ቃታ ጥይት የሚጎርስበትን ቦታ ይከፍታሉ፤ እሳቸው «ጉሮሮ» ነው የሚሉት። ዓይናቸው ባዶ መሆኑን ቢያይም አያምኑትም፤ ጣታቸውን ይሰዳሉ። «ባዶ!» ሲሉ ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ ይተነፍሳል። ከዚያ በአጉሊ መነጽር ቁጥሩን ከፈቃዱ ወረቀት ጋር ያስተያያሉ። በመጨረሻ እንጨቱን ያያሉ። እኔ ጥግ ላይ ባለችው ጠረጴዛ ውሉን እጽፋለሁ፤ ለዚህ ሥራ ያስመረጠኝ የእጅ ጽሑፌ ይሁን ዝምታዬ እስካሁን አላወቅሁም። ውሉ ሲያልቅ ሻጭ፣ ገዢና ጋሽ ቃታ ፈቃድ ክፍል ሄደው የሻጩ ስም ይሰረዛል፣ የገዢው ይጻፋል። እስከዚያ ጠመንጃው ከሱቁ ቁም ሳጥን አይወጣም።

ግድግዳው ላይ በነጭ ቀለም ሁለት ሕጎች ተጽፈዋል። አንዱ «ወረቀት የሌለው ጠመንጃ ሱቄ አይገባም» ይላል። ሁለተኛው «መርማሪ አይገዛም» ይላል። የሚመረምር ሰው ለራሱ ከተመኘ፣ ደህናውን እንጨት ነቀዝ በላው ማለት ይጀምራል ነው ነገሩ።

የመጀመሪያው ሕግ ግን ታሪክ አለው። ጋሽ ቃታ በሃያ ስድስት ዓመታቸው የአባታቸውን የአደን ጠመንጃ ሸጠዋል። መሃሉ ላይ የሚታጠፍ፣ ባለ አንድ አፈሙዝ ነበር። ገበያ መውጫ ላይ ላገኙት ሰው፣ እጅ በእጅ፣ ያለ ወረቀት፣ ያለ ምስክር። የገዢውን ስም እንኳ አልጠየቁም። የከፋው ደግሞ ታላቅ እህታቸውን አለመጠየቃቸው ነው። ልጆች ሳሉ ዒላማ የምትመታው እሷ ነበረች፤ ወንድሟ ተኩስ ሲሰማ ጎተራ ሥር ነበር የሚገባው። አባታቸውም «ጠመንጃዬ የልጄ ነው» ሲሉ የትኛዋን ልጅ እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር።

እህትየው ዛሬ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ምላሳቸውን ግን ምንም አልጋረደውም። ወንድማቸው ሊጠይቋቸው በሄዱ ቁጥር እሳቸው ገና ከበሩ «ማነው?» ብለው፣ «እኔ ነኝ፣ እታለም» ሲባሉ፣ «ባዶ እጅህን ነው?» ይላሉ። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ። ፍራፍሬ ይዘው ቢሄዱም፣ ብርድ ልብስ ይዘው ቢሄዱም «ባዶ እጅህን ነው?» ነው ጥያቄው። ጋሽ ቃታ በሱቃቸው ያለፈውን ታጣፊ ጠመንጃ ሁሉ በዓይናቸው ሲፈልጉ የኖሩት ለዚህ ነው። ቁጥሩን አያውቁትም። የሚያውቁት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ከሰደፉ ጫፍ የብረት ሽፋን ሁለት ብሎኖች አንዱ ጠፍቶ አባታቸው በመዳብ እንደተኩት፣ ደግሞም ከዚያ ብረት ሥር፣ ማንም በማያየው እንጨት ላይ፣ እህታቸው በልጅነቷ በሚስማር የጫረቻት ወፍ እንዳለች።

ባለፈው ማክሰኞ አንዲት ሴትዮ በአንሶላ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ታቅፋ ገባች። ባሏ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆኗል፤ ፈቃዱን በስሟ አዙራ አሁን ልትሸጠው ነው። ገዢው አብሯት ነበር፤ ማሳውን የዱር አሳማ የጨረሰበት የጭነት መኪና ሾፌር። ዋጋ ተስማምተዋል፣ ቃል ተሰጣጥተዋል። የቀረው የጋሽ ቃታ ጣትና የእኔ ብዕር ነበር።

«ሰደፉ ተሰንጥቋል ጋሼ፣ እሱን ይዩልኝ» አለች አንሶላውን ከታች በኩል እየፈታች። «ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ የነካው የለም።»

ከአንሶላው መጀመሪያ ብቅ ያለው ሰደፉ ነበር። ሁለት ብሎን። አንዱ ቀይ።

ጋሽ ቃታ ካቻቢቴውን ያነሱት መቼ እንደሆነ አላየሁም። የመጀመሪያው ብሎን ወጣ። ሁለተኛው አልወጣም አለ፤ ዘይት ጠብ አደረጉበት፣ ተነፈሱበት፣ «ነይ እንጂ፣ ነይ የኔ እመቤት» አሉት። ብረቱ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። በአውራ ጣታቸው አቧራውን ጠረጉ።

«ወፏ!» አሉ።

ድምፃቸው እንደዚያ ቀጭን መሆን እንደሚችል አላውቅም ነበር። ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ ጥለው ከነሽርጣቸው ወደ መንገድ ሮጡ። «ወፏ! ወፏ መጣች!» አንድ ጫማቸው በሩ ላይ ቀረ።

ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ «ኧረ ጋሽ ቃታ ራሳቸው ተተኮሱ!» አለ።

ሾፌሩ ግራ ገብቶታል። «የምን ወፍ? እኔ የመጣሁት ጠመንጃ ልገዛ ነው፣ ዶሮ እርባታ አይደለም።»

ተመልሰው ገቡ። ጫማቸውን አጠለቁ። ታሪኩን ነገሩን፣ ግማሹን ቆመው፣ ግማሹን እየተንጎራደዱ፤ ቃሉ ከአፋቸው እየተጋፋ ይወጣ ነበር። ሲጨርሱ ሾፌሩ ጢሙን ዳሰሰ።

«ጋሼ፣ ታሪኩ ሆድ ይበላል። ግን እኔ ቃል ተቀብያለሁ። ደግሞ ያንን የጻፈው ማነው?» ብሎ ወደ ግድግዳው ጠቆመ። *መርማሪ አይገዛም።*

ጋሽ ቃታ ጽሑፉን አዲስ ነገር እንደሚያነብ ሰው ቃል በቃል አነበቡት። «ልክ ነህ» አሉ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ።» ካቻቢቴውን አንስተው ብረቱን በወፏ ላይ መልሰው ማሰር ጀመሩ። የመዳቡ ብሎን ከጣታቸው ሁለት ጊዜ ወደቀ። እኔ ጎንበስ ብዬ አነሳሁላቸው፤ ከዚህ የተሻለ የምሠራው ነገር አልነበረኝም።

ያስቆመቻቸው ሴትዮዋ ነች። «ቆይ! ጠመንጃው እስካሁን የእኔ ነው አይደል? እንግዲያው የማን እንደነበረ ሳላውቅ አልሸጥም። እህትዎ ይምጡና ይናገሩ።»

ሾፌሩ ሳቀ። ጨዋታ የሚወድ ሰው መሆኑ ያን ጊዜ ታየኝ። «ይምጡ! ሳይነኩት፣ ሳይነገራቸው፣ ወፏ ምን እንደምትመስል ካወቁ እጄን አነሳለሁ። ካላወቁ ግን ዛሬውኑ ፈቃድ ክፍል። ግን እርስዎ አይሂዱ ጋሼ፤ መንገድ ላይ ያስጠኗቸዋል። እኔው አመጣቸዋለሁ።»

ቤታቸውን ጠይቆ በጭነት መኪናው ሄደ። ጋሽ ቃታ ተቀምጠው መጠበቅ አልቻሉም። ትናንት ለስልሶ ያለቀ ሌላ ሰደፍ አንስተው በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጉ ጀመር። «ረስታው ቢሆንስ? ስልሳ ዓመት አለፈው እኮ። አንቺ የዛሬ ስልሳ ዓመት የጫርሽውን ታስታውሻለሽ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው» አልኳቸው።

«እውነትሽን ነው» አሉና ፈተጉ። እንጨቱ ሲሳሳ ይታየኝ ነበር።

የጭነት መኪናው ጥሩምባ ከመንገዱ ማዶ ተሰማ። ከፍ ካለው ወንበር ላይ እህትየውን ሾፌሩና ልብስ ሰፊው ደግፈው አወረዷቸው። እሳቸው እየወረዱም ይናገራሉ። «ማን ሞተ? በጭነት መኪና የሚጫነው ሬሳና ሲሚንቶ ነው፤ እኔ የትኛው ነኝ?»

«እማማ» አለ ሾፌሩ፣ አግዳሚው ላይ ካስቀመጣቸው በኋላ፣ «አንድ ጥያቄ ብቻ። የአባትዎ ጠመንጃ ላይ ምን ምልክት ነበር?»

ፊታቸው ተለወጠ። «ያ ጎተራ ሥር የሚገባው ልጅ የሸጠው?»

«እዚሁ ነኝ፣ እታለም» አሉ ጋሽ ቃታ።

«አውቃለሁ፤ ኮላ ኮላ ትሸታለህ።» ከዚያ ወደ ሾፌሩ ዞሩ። «ወፍ ናት። ከሰደፉ ብረት ሥር። በሚስማር የጫርኳት እኔ ነኝ። አንድ እግር ነው ያላት።»

ሾፌሩ ጠመንጃው ላይ ጎንበስ አለ። ብረቱን ጋሽ ቃታ በአንድ ብሎን ብቻ ነበር ያሰሩት፤ ገፋ አድርጎ አየ። «ለምንድነው አንድ?»

«ሁለተኛውን ስጀምር አባቴ መጣ።»

ሱቁ በሳቅ ፈነዳ። ሴትዮዋ እያለቀሰች ትስቃለች፤ ልብስ ሰፊው ያጨበጭባል፤ ባትሪ ጠጋኙ ምን እንደተፈጠረ ሳይገባው ያጨበጭባል። ሾፌሩ ኮፍያውን አወለቀ። «እኔስ ሁለት እግር ያላት ነበር የምፈልገው። ለእኔ አሳማዎች አንካሳ ወፍ አትሆናቸውም። ይውሰዱት ጋሼ፤ ሌላ ታጣፊ ሲመጣ ግን መጀመሪያ እኔን ይጥሩኝ።»

ጋሽ ቃታ ጠመንጃውን በሁለት እጃቸው ይዘው እህታቸው ጉልበት ላይ አኖሩት። እህትየው አፈሙዙን በዳሰሳ ወደ አሸዋው ጆንያ አዞሩ፤ ጠመንጃውን ከወገቡ ሰበር አደረጉት፤ ከዚያም አባታቸው ሁለቱንም ልጆች እንዳስተማሩት ትንሿን ጣታቸውን ወደ ጉሮሮው ሰደዱ። «ባዶ!» ብለው ጮኹ። ይህ የጋሽ ቃታ ቃል ነውና ሳቁ እንደገና ተነሳ። ከዚያ በኋላ ነው ወፏን የዳሰሱት። ደጋግመው ዳሰሷት፤ አንዷን እግር፣ ከዚያ ያልተጫረውን ቦታ።

ሴትዮዋ የጠራችውን ዋጋ ጋሽ ቃታ ሳይከራከሩ ተቀበሉ። ውሉን ስጽፍ ሁለት ወረቀት አበላሸሁ፤ ያን ዕለት ጽሑፌ አላማረም። ሁላችንም በጭነት መኪናው ፈቃድ ክፍል ሄድን፤ ልብስ ሰፊው ከኋላ ቆሞ ያፏጭ ነበር። ለሞራ ዓይን ፈቃድ አይሰጥምና ጠመንጃው በጋሽ ቃታ ስም ተጻፈ።

«በስምህ ይሁን» አሉ እህትየው። «ግን ከሸጥከው…»

«ከሸጥኩት እኔን ሽጪኝ፣ እታለም።»

«ማን ይገዛሃል?»

እህትየው በምስክርነት ሊፈርሙ የግራ አውራ ጣታቸውን ዘረጉ። ጸሐፊው «እማማ፣ የቀኙን» ቢላቸው፣ ቀኝ እጃቸውን እንደጨበጡ «ቀኙ ሥራ ይዟል» አሉት። ጸሐፊው ሳቀና የግራውን ተቀበለ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁ ግድግዳ ላይ ከሁለተኛው ሕግ ሥር በጠመኔ አዲስ ቃል ተጨምሮ አገኘሁ፦ «ከአባቱ ጠመንጃ በቀር»።

ይህን ልጽፍ እንደምፈልግ የነገርኳቸው ያን ቀን ነው። አፍሬ ስለነበር ሁለት ጊዜ ነው የደገምኩላቸው። «ጻፊው የኔ ልጅ» አሉኝ። «ያለ ወረቀት መሸጤን ጻፊ። ጎተራ ሥር መግባቴን ጻፊ። አንዲት ነገር ብቻ ተይልኝ።»

ይቅር ይበሉኝ፤ አልተውኳትም። ያን ማክሰኞ፣ በአርባ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የጋሽ ቃታ ትንሽ ጣት ወደ ጉሮሮው አልሄደችም፤ የመዳቡን ብሎን ሲያዩ ሁሉም ነገር ጠፋባቸው። ያንን ጠመንጃ ገልብጠውታል፣ ጠረጴዛ ላይ ጥለውታል፣ በሁላችን መካከል አሳልፈውታል። እኔ ከአግዳሚው አጠገብ ዝቅ ብዬ ተቀምጬ ስለነበር አይቻለሁ። የእህትየው ጣት አልገባችም። ደጃፉ ላይ፣ ናስ ላይ ቆመች። ቀና ብለው በማያየው ዓይናቸው ወንድማቸው ወዳሉበት አንድ ጊዜ አዩ። ከዚያ ጥይቷን በሁለት ጣት ስበው አወጡ፣ በቀኝ እጃቸው ጨበጧት፣ ሁላችንም እንድንሰማ አድርገው ጮኹ፦

«ባዶ!»