የዚሮቹ ሰው

ዴም ሰፈር ውስጥ፣ ሀፍላን፣ የሱዳኑን ሚኒባስ፣ ከምንጠብቅበት ዛፍ ሥር፣ ዚር የሚሏቸው ሦስት የሸክላ የውሃ ጋኖች አሉ። አላፊ አግዳሚው እንዲጠጣ በየቀኑ የሚሞላቸው አንድ ያገራችን ሰው ነው። ስሙን አላውቅም፣ መጠየቅ አፍራለሁ። ጀለቢያው ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ የወታደር ጃኬት ይደርባል። በሰንሰለት የታሰረች ኩባያ አለችው፤ ለኛ «እንኪ እቴ»፣ ለሱዳኑ «ኢሽረብ ያ ዘውል» እያለ ያጠጣል።

በቀደም ከዩኒቨርሲቲ አንዲት አስተማሪና ተማሪዎቿ መጥተው፣ የመንገድ ውሃ እናጠናለን ብለው ከዚሮቹ ቀዱ። ወሬው በጋዜጣ ወጣ፤ ፎቶው ላይ ከሱ የሚታየው እጁ ብቻ ነው። «እጄ ዝነኛ ሆነ!» እያለ ሲስቅ ሰነበተ። ግን ቆሻሻ ከተገኘ ዚሮቹ ይነሳሉ ስለተባለ፣ ጋኖቹን በቀን ሁለቴ ይፈገፍግ ጀመር።

ዛሬ ጠዋት አስተማሪዋ ውጤቱን ይዛ መጣች።

«ያ ዐም፣ ውሃህ ንጹሕ ነው» አለችው በአረብኛ። «ችግሩ ኩባያው ነው፣ ዝጓል። እሱ ካልተለወጠ ዚሮቹ ይነሳሉ።»

«ያ ኡስታዛ፣ ወደዚህ ስንመጣ ከመተማ እስከ ገዳሪፍ አሥራ አንድ ሰው ሆነን በዚች ጠጥተናል። ማንም አልታመመም።»

«አሁን ግን ስንት ሰው ነው የሚጠጣባት?»

ዞሮ ሀፍላ የሚጠብቀውን ሰው ሁሉ አየ። ከዚያ ኩባያዋን ከሰንሰለቷ ፈታ፣ በእጅጌው ወለወላትና በአማርኛ፣ «በይ እንግዲህ፣ አንቺ ጡረታ ውጪ። እኔ ገና ነኝ» አላት።

አስተማሪዋ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ።

«እሺ ነው ያለው» አልኳት።