ትንሹ ዲስክ

ጦርነቱ ከተማችንን መርሳን አልፎ መብራት በተመለሰ ሰሞን ሰፈራችን እህል እያለው ዱቄት አልነበረውም። የወፍጮ ቤቱ ሞተር ከወለሉ ሥር ተቀብሯል። ባለወፍጮው ከመሸሻችን በፊት ዘራፊ እንዳያገኘው ብሎ ጉድጓድ ውስጥ ከተተውና ኮንክሪት አፈሰሰበት። ተፈናቅለን ሳለን ታመመና ሞተ። ኮንክሪቱ ምን ያህል እንደሚወፍር የሚያውቅ አልቀረም፤ ሚስቱ ደግሞ ከዚያ ሞተር ሌላ ንብረት የላትም።

ሥራው ለእኔና አብሬያቸው ለምሠራው ሽማግሌ ግንበኛ ደረሰን። እሳቸው ወለሉን በመዶሻ እጀታ ኳ ኳ እያደረጉ፣ ድምፁ በተለወጠበት ሁሉ በከሰል አሰመሩ። እኔ በሆዴ ሳቅሁ።

በማግስቱ ኮንክሪት የሚቆርጥ የአልማዝ ዲስክ ልንገዛ ወልድያ ሄድን። ዓይኔ ያረፈው ትልቁና ጥርሳሙ ላይ ነው። እሳቸው ትንንሾቹን አንድ በአንድ ጣታቸው ላይ እያንጠለጠሉ በምስማር መታ ያደርጋሉ፣ የተሰነጠቀ እንዳይሆን ያዳምጣሉ፣ ይመልሳሉ። ባለሱቁ ሰዓቱን አየ።

«አባባ፣ በዚህማ ስንቆርጥ መዋላችን ነው» አልኳቸው።

«እንዋላ! ትልቁ ጠልቆ ይገባል። የት ላይ እንደምታቆመው ታውቃለህ?»

አላውቅም። አፍሬ እሳቸው የመረጡትን ትንሹን ተቀበልኩ።

ወፍጮ ቤት ስንመለስ ዲስኩን መቁረጫ ማሽኑ ላይ ገጥመው «ቢስሚላህ» ብለው ጀመሩ። እኔ ከጀሪካን ውኃ ጠብ አደርጋለሁ። ትንሹ ዲስክ ሁለት ጣት ያህል ገብቶ አልሄድም ሲል አቆሙት፤ የቀረውን በመሮ ቀስ እያሉ ፈለፈሉ። ከሰዓት በኋላ ኮንክሪቱ ልክ በከሰሉ መስመር ተላቀቀ። ሳነሣው ውፍረቱ ሦስት ጣት አይሞላም። የእኔ ምርጫ ቢሆን ኖሮ የሞተሩን ሆድ ይተለትለው ነበር። እንደዚያ ቀን የሰው እጅና ጆሮ አስደንቆኝ አያውቅም።

ሞተሩ በላስቲክ ተሸፍኗል፤ ከላስቲኩ ውስጥ ደግሞ በጋቢ ተጠቅልሏል። የባለወፍጮው ሚስት ጋቢውን ስታይ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ለካ በስደቱ ብርድ ሲያንቀጠቅጠው፣ ጋቢህን የት ጣልከው እያለች ትቆጣው ኖሯል። እሱም መንገድ ላይ ጠፋብኝ ይላት ነበር።

«አብሽሪ ልጄ፣ አይዞሽ» አሏት ሽማግሌው።

ሞተሩን ዞር ብላም አላየችው። ጋቢውን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ እያገላበጠች በጣቷ ዳሰሰችው። ዲስኩ አንዲት ክር አልነካም።